የኢሜይል ሊስት ልግዛ ወይስ የራሴን ልሰብስብ? ለቡና ላኪዎች፣ ለአስጎብኚዎችና ለዲያስፖራ ለሚሸጡ የአማራጮች ንጽጽር

ቴሌግራም ላይ የቢዝነስ ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ይሄን ማስታወቂያ ሳያየው አይቀርም፣ "የአውሮፓና የአሜሪካ ቡና ገዢዎች ኢሜይል፣ በኤክሴል፣ ሙሉ ፋይል" ይላል፣ ለአስጎብኚዎች ደግሞ "አፍሪካ የሚጓዙ ቱሪስቶች ሊስት" የሚል አለ፣ ሪል ስቴት ለሚሸጡት "የዲያስፖራ ኢሜይልና ስልክ" የሚል አለ። ዋጋው አንድ ሰው ውጪ አገር ኤግዚቢሽን ለመላክ ከሚወጣው ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም፣ ለዛም ነው ሰው የሚገዛው፣ ገዢ ፍለጋ አገር ላገር መዞር የማይችል ትንሽ ላኪ ይሄ ነገር እንደሚያጓጓው በደንብ ይገባኛል።

ያሉትን አማራጮች ላነጻጽር ነው የጻፍኩት ግን አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፣ ሊስት መግዛት በየትኛውም ዋጋ አያዋጣም፣ በነጻ ቢሰጣችሁም እንዳትጠቀሙበት። ጉዳቱ "ሰው አልመለሰልኝም" ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፣ ብሩ ጠፋ ተብሎ ይታለፋል። ዋናው ጉዳት የሚያርፈው ግን ዶሜይናችሁ (ኢሜይላችሁ ላይ ከ@ በኋላ ያለው ስም) ላይ ነው፣ ማለትም ፕሮፎርማ የምትልኩበት፣ ለነባር ደንበኛ ኮንትራት የምትልኩበት፣ ቱሪስቱ ቡኪንጉ እስኪረጋገጥለት የሚጠብቅበት አድራሻ ላይ። እሱ ስሙ ከጠፋ ትላንት ሲደርስ የነበረው ፕሮፎርማ ዛሬ ስፓም ውስጥ ይገባል፣ ደንበኛው እናንተ ዝም ያላችሁት ይመስለዋል፣ እናንተም እሱ ዝም ያላችሁ ይመስላችኋል፣ ማንም ሳያውቅ ስራው ይቀዘቅዛል።

የተገዛ ሊስት ውስጥ ምን አለ

መጀመሪያ ፋይሉን ከፍተን እንየው። ከማውቃቸው ላኪዎች አንዱ የገዛውን አብረን አይተነው ነበር፣ ርዕሱ የአውሮፓ ስፔሻሊቲ ሮስተሮች (ጥራት ያለው ቡና ቆልተው የሚሸጡ) ይላል፣ ኮለሞቹ የድርጅት ስም፣ አገር፣ ኢሜይል፣ ስልክ ናቸው፣ ከላይ ሲታይ ያምራል። ወደ ታች ስትወርዱ ግን አብዛኛው "ኢንፎ" ብሎ የሚጀምር የድርጅት አድራሻ ነው፣ ማን እንደሚያነበው አይታወቅም። የቡና ማሽን ጥገና ቤት አለ፣ ሆቴል አለ፣ ሻይ አሻጊ አለ፣ አንዱ ሮስተር በተለያየ አጻጻፍ ሦስት ቦታ ተደግሟል፣ የአንዳንዱን ዌብሳይት ብሮውዘር ላይ ስትጽፉት ጭራሽ አይከፍትም፣ ድርጅቱ ከተዘጋ ቆይቷል። አንዱ ረድፍ ላይ የገዢዋ ስም የሴት ሆኖ ኢሜይሉ የወንድ ስም ነው፣ ድርጅቱን ስናየው ልጁ ስራውን ለቆ እሷ ተተክታለች፣ ፋይሉ ስሟን ከአንድ ቦታ ኢሜይሉን ከሌላ ቦታ ለቅሞ ነው ያጣበቀው።

ሻጩን ከየት አመጣኸው ብትሉት "የራሳችን ዳታቤዝ ነው" ከማለት ውጪ መልስ የለውም ግን መንገዱ ይታወቃል። አንዱ ፕሮግራም ጽፎ ዌብሳይት ለዌብሳይት እያዞሩ ኢሜይል የሚመስለውን ሁሉ መልቀም ነው። ሁለተኛው የተጠለፈ ዳታ ነው፣ ሊንክድኢን እ.ኤ.አ. በ2012 ተጠልፎ የወጣው ዳታ በ2016 ከ100 ሚሊዮን በላይ ኢሜይል ይዞ ለሽያጭ ቀርቧል፣ በ2019 ደግሞ ቬሪፊኬሽንስ አይኦ የሚባል፣ ስራው ራሱ ኢሜይል ማጣራት የነበረ ድርጅት ወደ 763 ሚሊዮን አድራሻ ያለ ፓስዎርድ ኢንተርኔት ላይ ክፍት ትቶት ተገኝቷል። ሦስተኛው ግምት ነው፣ የሰራተኛውን ስም ከአንድ ቦታ ወስደው ስም ነጥብ የአባት ስም እያደረጉ የድርጅቱን ዶሜይን ይቀጥሉበታል፣ ከደረሰ ደረሰ ነው። በየትኛውም መንገድ ይምጣ እዛ ውስጥ ያለ አንድም ሰው ስለናንተ ቡና እንዲጻፍለት የጠየቀ የለም፣ ያንኑ ፋይል ደግሞ ለተፎካካሪያችሁም ለሌላ አገር ላኪም ይሸጠዋል፣ አንዴ ሸጦ የሚያቆምበት ምክንያት የለውም።

የባሰው ስፓም ትራፕ የሚባለው ነው፣ ወጥመድ ማለት ነው። ስፓም የሚከታተሉ ድርጅቶች ማንም ሰው ተጠቅሞባቸው የማያውቅ ኢሜይሎች ይፈጥሩና ለቃሚ ፕሮግራም ብቻ የሚያገኛቸው ቦታ ላይ ያስቀምጧቸዋል። እነዚህ አድራሻዎች የትም ተመዝግበው አያውቁም ስለዚ እዛ ላይ የላከ ሰው ወይ ለቅሟል ወይ ገዝቷል፣ ሌላ ማስተባበያ የለውም። ሌላው ዓይነት ወጥመድ ባለቤታቸው የተዋቸው አሮጌ አድራሻዎች ናቸው፣ ኢሜይል ሰጪው ይዘጋቸውና ለተወሰነ ጊዜ "እንዲህ የሚባል ሰው የለም" እያለ ይመልሳል፣ ከዛ እንደገና ከፍቶ ማን እንደሚልክ ያያል፣ ሊስቱን የሚንከባከብ ሰው በዛ መሀል አውጥቷቸዋል፣ ፋይል የገዛ ሰው ግን አያውቅም። የስፓም ላኪዎችን ጥቁር መዝገብ ከሚያወጡት ትልቁ ስፓምሃውስ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አለ፣ እዛ ውስጥ ከገባችሁ በዓለም ላይ ብዙ የኢሜይል ሰርቨር መልእክታችሁን በር ላይ ነው የሚመልሰው።

"ቬሪፋይድ ነው" ይሏችኋል። ቬሪፋይ ማድረግ ማለት ሳጥኑ አለ ወይስ የለም የሚለውን ማየት ነው፣ ባውንስ፣ ማለትም ሳይደርስ የሚመለስ መልእክት፣ ይቀንሳል እሱ እውነት ነው። ወጥመድ ግን ሳጥኑ አለ፣ ይቀበላል፣ ስለዚ ብዙ ጊዜ ማጣሪያውን ያልፋል። ያልተፈቀደ ኢሜይል ሲደርሰው የሚናደድ ሰውም ሳጥኑ አለ። ስለዚ ቬሪፋይድ የሚለው ቃል ላይ አትጽናኑ።

ዶሜይናችሁ ላይ የሚደርሰው

ጂሜይልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ለብዛት ላኪዎች ሕግ አጥብቀዋል፣ ጂሜይል ብዛት የሚለው በቀን ወደ 5,000 መልእክት የሚጠጋ ወይ ከዛ በላይ ለጂሜይል አድራሻ ሲላክ ነው። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉት፣ መልእክቱ እውነት ከናንተ ዶሜይን መምጣቱን የሚያሳዩ ሦስቱም ማረጋገጫዎች መኖር አለባቸው፣ ባንድ ክሊክ ከሊስቱ መውጫ መኖር አለበት፣ አውጡኝ ያለ ሰው በ2 ቀን ውስጥ መውጣት አለበት። ማይክሮሶፍትም በሜይ 2025 አውትሉክና ሆትሜይል ላይ ተመሳሳይ ማረጋገጫ መጠየቅ ጀምሯል። በቀን 5,000 የማይልክም ቢሆን ጂሜይል ላይ ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይ ዲኪም ያስፈልገዋል።

እዚህ ውስጥ ሊስት ገዢን የሚጥለው ቁጥር ግን ሌላ ነው፣ የስፓም ቅሬታ 0.3 በመቶ መድረስ የለበትም፣ ጂሜይል የሚመክረው ደግሞ ከ0.1 በታች እንዲሆን ነው። ይሄን በሰው አስሉት፣ 0.3 በመቶ ማለት ከ1,000 ሰው 3 ሰው ነው። ስማችሁን ሰምተው ለማያውቁ 1,000 ሰዎች ልካችሁ "ስፓም" የሚለውን የሚጫኑት ከ3 ያነሱ ይሆናሉ ብሎ ማሰብ ከባድ ነው፣ እናንተ ራሳችሁ ከማታውቁት ሰው ማስታወቂያ ሲመጣ ምን እንደምታደርጉ አስቡት። ደግሞ ስሌቱ የሚሰራው ኢንቦክስ ውስጥ በገባው ላይ ነው፣ አብዛኛው ቀድሞ ስፓም ውስጥ ከገባ አካፋዩ ትንሽ ስለሚሆን ጥቂት ቅሬታ ቁጥሩን ወደ ላይ ይተኩሰዋል።

በጅምላ ኢሜይል የሚላክባቸው ሰርቪሶችም አይቀበሏችሁም። ሜይልቺምፕ የተገዛ፣ የተከራየ ወይም ከሌላ ሰው የመጣ ሊስት በግልጽ ይከለክላል፣ ሌሎቹ የታወቁ ሰርቪሶችም ያው ናቸው፣ ባውንሱንና ቅሬታውን ሲያዩ አካውንቱን ይዘጉታል፣ ከሱ ጋር የራሳችሁን እውነተኛ ደንበኞች ያስገባችሁበትም ይዘጋል። አማዞን የመላኪያ ሰርቪሱ ላይ ቁጥሩን በግልጽ አስቀምጦታል፣ ባውንስ 5 በመቶ ሲደርስ ክትትል ውስጥ ትገባላችሁ፣ 10 ሲደርስ መላክ ሊያስቆማችሁ ይችላል፣ ቅሬታ ደግሞ 0.1 ላይ ክትትል 0.5 ላይ ማቆም ነው። ያ ከላይ ያየነው ዓይነት ፋይል 10 በመቶን ለማለፍ አንድ ቀን አይፈጅበትም።

"እሺ ሌላ ዶሜይን ገዝቼ ከሱ ልላክ" የሚል ሰው ብዙ ነው። አዲስ ዶሜይን ታሪክ የለውም፣ ትላንት ተገዝቶ ዛሬ ሺዎች ላይ የሚልክ ዶሜይን ለማጣሪያዎቹ ዋናው የስፓም ምልክት ነው። ከዛ መልእክቱ ውስጥ የምታስቀምጡት ሊንክ ወደ ዋናው ዌብሳይታችሁ ነው የሚወስደው፣ ጥቁር መዝገቦቹ ደግሞ የላኪውን ዶሜይን ብቻ ሳይሆን መልእክቱ ውስጥ ያለውንም ሊንክ ያያሉ፣ ስለዚ ዞሮ ዞሮ ዋናው ቤታችሁ ላይ ይመጣል።

ሕጉስ?

ሕጉ የሚታየው ተቀባዩ ባለበት አገርም ነው፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብላችሁ መላካችሁ ብቻ አያድናችሁም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚሰራው ካን ስፓም የሚባለው ሕግ ላላ ያለ ነው፣ ሳይፈቀድላችሁ መላክን አይከለክልም ግን እውነተኛ ርዕስ፣ የፖስታ አድራሻ፣ መውጫ መንገድ ይጠይቃል፣ አልፈልግም ያለን ሰው በ10 የስራ ቀን ውስጥ ማውጣት አለባችሁ፣ በፕሮግራም የተለቀመ አድራሻ መጠቀም ጥፋቱን ያከብደዋል፣ ቅጣቱ በያንዳንዱ ኢሜይል ከ50 ሺ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በጣም ጥብቅ ነው፣ አስቀድሞ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ለድርጅት ጣሪያው 10 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ነው።

አውሮፓ ውስጥ ጂዲፒአር የሚባለው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. ከሜይ 25, 2018 ጀምሮ አለ፣ ቅጣቱ እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓመታዊ ሽያጭ 4 በመቶ፣ የሚበልጠው ነው፣ ኅብረቱ ውስጥ ላለ ሰው ዕቃ ወይ ሰርቪስ የሚያቀርብ የውጪ ድርጅትንም ይመለከታል። ትልቁን ቅጣት አስጎብኚ ድርጅት ላይ ይጥሉታል እያልኩ አይደለም። የቅርቡ ችግር ምንድነው፣ ሰውየው "አድራሻዬን ከየት አገኘኸው?" ብሎ ሊጠይቅ መብት አለው፣ እናንተም የመናገር ግዴታ አለባችሁ፣ ቴሌግራም ላይ ከገዛሁት ፋይል ነው ብላችሁ ለምትመኙት ደንበኛ ስትመልሱ አስቡት። ጀርመን፣ ቡናችንን በብዛት ከሚገዙት አንዷ፣ ለድርጅት የሚላክ ማስታወቂያ ላይም አስቀድሞ ግልጽ ፈቃድ ትጠይቃለች። ፈረንሳይ ከሙያው ጋር የተያያዘ ከሆነ ለድርጅት ሰው መጻፍ ይቻላል፣ መውጫ ካለው። እንግሊዝም ለኩባንያ ይቻላል፣ በግሉ ለሚሰራ ነጋዴ ግን አይቻልም። እስራኤል ላሉ ቤተ እስራኤላውያን የጉዞ ፓኬጅ የምትሸጡ ደግሞ እወቁ፣ እዛ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የስፓም ሕግ ማሻሻያ ተቀባዩ ጉዳት ማስረዳት ሳያስፈልገው በያንዳንዱ መልእክት እስከ 1,000 ሸቀል ፍርድ ቤት እንዲወስንለት ይፈቅዳል።

የኛው አገር ሕግ የለም የሚል ካለ ተሳስቷል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜይል ማሰራጨትን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራትና እስከ 30,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል ይላል፣ ፈቃድ ካለ ወይም መልእክቱ የላኪውን ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ ይዞ ቀላል መውጫ ካለው ደግሞ ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል። ከዛ በኋላ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መጥቷል፣ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው፣ የሰውን የግል መረጃ ያለ ሕጋዊ ምክንያት መሰብሰብና ማስተላለፍ ከእንግዲህ ማን ያየኛል የሚባልበት ነገር አይደለም።

በነጻ የተገኘ ሊስት

ይሄን ለብቻው ያነሳሁት ስለሚያበሳጨኝ ነው። ዲያስፖራ ውስጥ የሚዞረው ሊስት ብዙ ጊዜ አይገዛም፣ ሰው ነው የሚሰጠው፣ የቤተክርስቲያን አባላት ዝርዝር፣ የዕድር ዝርዝር፣ የኮሚኒቲ ማኅበር የተመዘገቡ ሰዎች፣ ለሆነ ለቅሶ ገንዘብ የተሰበሰበበት ዝርዝር። ኮሚቴ ውስጥ ያለ ሰው ለሚያውቀው የሪል ስቴት ሻጭ ወይ ለኢንሹራንስ ሻጭ "ያበሻ ሊስት ነው ተጠቀምበት" ብሎ ይሰጠዋል። እነዚህ ሰዎች አድራሻቸውን የሰጡት ሞት ሲመጣ እንዲነገራቸው፣ ጉባኤ ሲኖር እንዲጠሩ ነው። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ አንዲት እናት ከዕድሩ የመጣ መስሏቸው ደንግጠው ይከፍቱና የአፓርታማ ማስታወቂያ ሲሆን ምን እንደሚሰማቸው መገመት ይቻላል። ሻጩን ብቻ አይደለም የሚጠሉት፣ ቀጥሎ ዕድሩ ሲጽፍ አይከፍቱም፣ የለቅሶ መልእክት ሳያዩት ያልፋል። እንደዚ ዓይነት ሊስት ሲሰጣችሁ መልሱት፣ ከፈለጋችሁ ማኅበሩን አናግራችሁ ራሱ በራሱ ስም እንዲያስተዋውቃችሁ ጠይቁ፣ እምቢ ካለም መብቱ ነው።

በፕሮግራም ራሳችሁ መልቀምም ከመግዛት ጋር አንድ ነው፣ ልዩነቱ ድካሙ የናንተ መሆኑ ብቻ ነው።

የሌላ ሰው ሊስት ላይ ስፖንሰር መሆን

ይሄ ከመግዛት በጣም ይለያል። ፈቃደኛ አንባቢ ያለው ሰው፣ ለምሳሌ ስለ አፍሪካ ጉዞ በኢሜይል የሚጽፍ ወይም ለሮስተሮች የገበያ ወሬ የሚልክ፣ በራሱ ስም በራሱ ዶሜይን የናንተን ማስታወቂያ ይልካል፣ አድራሻዎቹን አታዩዋቸውም፣ የፈለገ ሰው ብቻ ሊንኩን ተጭኖ ወደናንተ ይመጣል። ፋይሉን እንስጣችሁ ካለ ስፖንሰርነት አይደለም፣ ሽያጭ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የድሮ እትሞቹን ለራሳችሁ አስልኩና አንብቡ፣ በየሳምንቱ ማስታወቂያ ብቻ የሚልክ ከሆነ አንባቢዎቹ ጥለውት ሄደዋል ማለት ነው። ገንዘብ ያስወጣል፣ በዶላርም ነው፣ ስለዚ ለትልልቆቹ ወይ ለሲዝን መክፈቻ ነው የምመክረው።

በእጅ የተመረጡ ጥቂት ገዢዎች

ለቡና ላኪ እኔ የምመርጠው ይሄን ነው፣ በተለይ ትንሽ መጠን ጥሩ ቡና ላለው። ብዙ ሺ ገዢ ለምን ያስፈልጋችኋል፣ አንድ ኮንቴነር 320 ጆንያ ምናምን ነው፣ ሁለት ሦስት ጥሩ ሮስተር ዓመቱን ይጨርሰዋል። ስለዚ ቁጭ ብላችሁ የሮስተሮቹን ዌብሳይት አንድ ባንድ ክፈቱ፣ አሁን ምን እየሸጡ እንደሆነ እዩ፣ ይርጋጨፌ አለው? ጉጂ አለው ወይስ ከኢትዮጵያ ምንም የለውም? ናቹራል (ሳይታጠብ የደረቀ) ነው የሚወደው ወይስ የታጠበ? አረንጓዴ ቡና የሚገዛው ሰው ማነው? ብዙ ጊዜ ዌብሳይቱ ላይ ወይ ኢንስታግራም ላይ ስሙ አለ። ከዛ ለዛ ሰው ብቻ የሚሆን ኢሜይል ይጻፋል።

የተለመደው ኢሜይል "ውድ ጌታዬ ወይም እመቤቴ፣ ድርጅታችን ጥራት ያለው የኢትዮጵያ ቡና ላኪ ሲሆን" ብሎ ይጀምርና ካምፓኒ ፕሮፋይል ትልቅ ፒዲኤፍ አያይዞ ያበቃል፣ ገዢው ይሄን በየቀኑ ነው የሚያገኘው። በሱ ፈንታ እንዲህ ይሁን፣ "የጉጂ ናቹራላችሁ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሜኑ ላይ የለም፣ እኛ ዘንድሮ ከሻኪሶ አካባቢ ግሬድ 1 ናቹራል 60 ጆንያ አለን፣ የተለቀመበት ወር ይሄ ነው፣ እርጥበቱ ይሄ ነው፣ ዋጋው ኤፍኦቢ ጅቡቲ በፓውንድ ይሄን ያህል ነው፣ 300 ግራም ናሙና በዲኤችኤል ልላክ?" አምስት መስመር፣ አባሪ የለው፣ ከታች ሙሉ ስም፣ ድርጅት፣ አድራሻ፣ "ካልፈለጉ ንገሩኝ ደግሜ አልጽፍም" የሚል። ሰውየው አዎ ወይ አይ ለማለት የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ እዛ ውስጥ አለ። የሚላክበት ጊዜም ወሳኝ ነው፣ ቀይ እሸቱ የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፣ ናሙና በእጃችሁ ሳይኖር መጻፍ ጥቅም የለውም፣ ኢሜይሉን ልካችሁ ናሙናው ከወር በኋላ ከመጣ ሰውየው ከሌላ ገዝቷል።

ይሄ ከራሳችሁ ተራ ኢሜይል ባንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ነው የሚላከው፣ ቢሲሲ ውስጥ ሁሉን ጠቅጥቆ መላክ የለም። አንዴ ካልመለሰ ከሳምንት ከአስር ቀን በኋላ አንድ ማስታወሻ፣ ከዛ በቃ። ለጀርመኖቹ ከላይ ያልኩትን ሕግ አስታውሱና በስልክ ከመጀመርም ይልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ማግኘት ወይ በሚተዋወቁት ኢምፖርተር በኩል መሄድ ይሻላል። ኤግዚቢሽን ላይ የተሰበሰበ ቢዝነስ ካርድም ቢሆን የጅምላ ሊስት ውስጥ መግቢያ ፈቃድ አይደለም፣ "ስታንዱ ላይ ስለ ሲዳማው ናሙና ያወራን" ብሎ አንድ ኢሜይል መጻፍ ግን ሰውየው ራሱ የሚጠብቀው ነው፣ እዛው ላይ "በየሲዝኑ የአዲስ ሎት ዝርዝር ልላክልዎት?" ብላችሁ ጠይቁት፣ አዎ ካለ ያኔ ገባ።

የራስ ሊስት

አስጎብኚዎች እዚህ ላይ ከሁሉም የተሻለ ዕድል አላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ግን ትጥሉታላችሁ። ለጉብኝት የመጣ ሰው ሁሉ ኢሜይሉ አላችሁ፣ ቡኪንግ ሲያደርግ ሰጥቷችኋል። ሲመለስ ኤርፖርት ሸኝታችሁት ታሪኩ እዛው ያልቃል፣ ያ ሰው ግን ስለናንተ አገር በየጓደኛው ቤት እያወራ ነው ያለው። ቡኪንግ ፎርሙ ላይ "በዓመት ጥቂት ጊዜ የጉዞ ዜና እንላክልዎት?" የሚል ባዶ ሳጥን አድርጉ፣ ቀድሞ ቲክ የተደረገ መሆን የለበትም። አውሮፓ ውስጥ ለነባር ደንበኛ ተመሳሳይ አገልግሎት ማስተዋወቅ፣ አድራሻውን ስትወስዱም በየመልእክቱም አልፈልግም የሚልበት መንገድ ካለ፣ ሕጉም ይፈቅዳል።

ገና ላልመጣው ደግሞ ዌብሳይታችሁ ላይ ኢሜይሉን ሊያሰጠው የሚችል ነገር አስቀምጡ። "ኒውስሌተራችንን ይመዝገቡ" ማንንም አያስመዘግብም። ሰው የሚፈልገው በየወሩ የት መሄድ እንደሚሻል ነው፣ ሰሜን ተራሮች ዝናቡ ካቆመ በኋላ መቼ እንደሚያምር፣ ደናክል ሙቀቱ የሚቻለው ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ መሆኑን፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ሆኖ አንዳንድ ዓመት 20 ላይ እንደሚውልና ጎንደር ሆቴል ስንት ወር ቀድሞ እንደሚያዝ፣ ይሄን በደንብ ጽፋችሁ በኢሜይል የሚላክ አድርጉት። ሌላው ሁሉም ቱሪስት የሚጠይቀው ጸጥታውን ነው፣ የትኛው መንገድ አሁን ክፍት ነው፣ የቱ ጋ አንወስድም። በየወሩ ይሄን በሐቅ የሚጽፍ አስጎብኚ ኢሜይሉ ይከፈታል፣ ላሊበላን ዘንድሮ አትምጡ ባለበት ወር እንኳ ቢሆን የሚቀጥለው ዓመት ቡኪንግ ወደሱ ነው የሚመጣው፣ ምክንያቱም አምነውታል።

ሲመዘገቡ ማረጋገጫ ኢሜይል ሄዶ ሊንኩን ተጭነው ይግቡ፣ ደብል ኦፕት ኢን የሚባለው ነው፣ የተሳሳተ አድራሻና የሌላ ሰው ስም ያስቀርላችኋል፣ መቼና በየትኛው ፎርም እንደገቡም ተመዝግቦ ይቀመጣል፣ ጥያቄ ቢነሳ ማስረጃ ነው። ቀስ ይላል፣ መጀመሪያ ዓመት ላይ ቁጥሩ ያሳፍራል የሚል አለ፣ ግን 200 ሰው የፈለገው ሊስት አንድ ኢሜይል ላይ ከሚያመጣው ጥያቄ ጋር የተገዛው 20 ሺ አይወዳደርም፣ እነዛ 200ዎቹ መልስ ይጽፋሉ፣ መልስ ደግሞ ጂሜይል የላኪውን ስም ከሚያይባቸው ጥሩ ምልክቶች አንዱ ነው።

ደንበኞቻችሁ እዚሁ አገር ከሆኑስ

ያኔ ኢሜይል ላይ ብዙ አትድከሙ። አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ የሚገዛ ሰው ቴሌግራም ላይ ነው ያለው፣ ቻናል ከፍታችሁ ሰው በፍላጎቱ ይግባ፣ ካልፈለገ ይወጣል፣ ማንም አልተጎዳም። እዛም ላይ ግን የተገዛ ሜምበር የሚባል ነገር አለ፣ ቁጥሩ ያድጋል ፖስቱን የሚያየው ግን አያድግም፣ አንድ ነገር ነው።

ታዲያ የቱን ልምረጥ

ኮንቴነር ሁለት ኮንቴነር ቡና ያለው ላኪ በእጅ የተመረጡ ገዢዎች ላይ ይስራ፣ ገንዘብ ሲኖረው ኤግዚቢሽን ይጨምርበት። አስጎብኚ የራሱን ሊስት ካሉት ደንበኞች ይጀምር፣ ሲዝን ሊከፈት ሲል አቅም ካለው አንድ ስፖንሰርሺፕ ይሞክር። ዲያስፖራ ላይ ሬስቶራንት ወይ ሱቅ ያለው ካሸር ጋ "የበዓል ዶሮና ቅቤ ሲመጣ እንንገርዎት?" ብሎ በፈቃዱ ይመዝግብ፣ ከፋሲካና ከእንቁጣጣሽ በፊት አንድ አንድ ኢሜይል ይበቃዋል። ሪል ስቴት ሻጮች ላይ ከባዱ ነገር ገዢው ብዙ ገንዘብ ነው የሚያስቀምጠው፣ ስለዚ ከማያውቀው ሰው በመጣ ኢሜይል ቤት አይገዛም፣ የግንባታውን ደረጃ በየወሩ ፎቶና ቪዲዮ እያደረጋችሁ ለጠየቀ ሰው ብቻ ላኩ፣ የገዙት ራሳቸው ለዘመድ ያስተላልፉታል። በየትኛውም መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ዶሜይናችሁን የሚያስተዳድረውን ልጅ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ተስተካክሏል ወይ ብላችሁ ጠይቁት፣ ብዙ ድርጅት ሊስት ሳይገዛም ፕሮፎርማው ስፓም የሚገባው እነዚህ ስላልተስተካከሉ ነው።

ገዝታችሁ ልካችሁ ከሆነ

ገዝታችሁ ገና ካልላካችሁ ፋይሉን አጥፉት፣ ከራሳችሁ ደንበኞች ጋር ግን በምንም ዓይነት አትቀላቅሉት፣ አንዴ ከተቀላቀለ የቱ ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም። ልካችሁ ከሆነ ዛሬውኑ አቁሙ፣ የቀረውን ልጨርስ ብላችሁ አትቀጥሉ። ጎግል ፖስትማስተር ቱልስ የሚባል ነጻ ነገር አለው፣ ዶሜይናችሁን አስመዝግባችሁ የቅሬታውን መጠን እዩ፣ ሊያሳያችሁ የሚችለው ለጂሜይል በቂ መጠን ከላካችሁ ነው። ስፓምሃውስ ዌብሳይት ላይ ዶሜይናችሁን ጽፋችሁ መዝገብ ውስጥ እንዳለ ፈትሹ፣ ካለ ማስወጫ መጠየቂያው እዛው አለ ግን ምን እንዳደረጋችሁና እንዳቆማችሁ በሐቅ ጻፉ፣ ሳታቆሙ ከጠየቃችሁ ተመልሳችሁ ትገባላችሁ።

ለነባር ደንበኞቻችሁ ደግሞ በዋትስአፕ ወይ በስልክ "ኢሜይላችን ስፓም ውስጥ ገብቶ ከሆነ እባካችሁ አውጡልን፣ መልስም ጻፉልን" በሏቸው፣ እነሱ ሲያወጡትና ሲመልሱ ነው ስሙ ቀስ በቀስ የሚያገግመው፣ ሳምንታት ይወስዳል አንዳንዴም ወራት። በዛ መሀል ከዛ ዶሜይን የሚላከው ለሚያውቋችሁና ለሚመልሱላችሁ ሰዎች ብቻ ይሁን፣ አስቸኳይ ፕሮፎርማና ኮንትራት ስትልኩም ደርሷል ወይ ብላችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ።